መርዶ በስልክ አይነገርም

ግሩፓችን «ፀሐይ መሞቂያ» ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ቡሩልቻ ነኝ፤ አድሚኗም እኔ፣ ሕግ አውጪዋም እኔ። ሕጉ አጭር ነው፦ ፖለቲካ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ በጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል እየላኩ «መልካም ጁምዓ» ማለት የለም። እዚህ የሚጻፈው እንዲያው ባሳብ ሽው ያለ ነገር ብቻ ነው። «የጎረቤቴ አህያ ዛሬ ድምጿ ጠፍቷል፤ ምን ነክቷት ይሆን?» «ከካልሲ አንዱ ብቻ ሁልጊዜ የሚጠፋው የት እየሄደ ነው?» እንዲህ ያለ። ባሌ «ሥራ ፈቶች» ይለናል። ይበለን። እሱም አጥር ሥር ተኮልኩሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፀሐይ ሲሞቅ የሚያወራው ከዚህ የተሻለ ቁም ነገር አይደለም።

ከሁላችን ወግ የሚጣፍጠው የዚይናት ነው። ዚይናት ከእኛ አገር ከኮችኮር በላይ፣ ተራራው አናት ላይ ባለው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ትሠራለች። በየሰዓቱ ነፋሱንና በረዶውን እየለካች ታስተላልፋለች፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች መንገዱን የሚደፍሩት የእሷን ሰምተው ነው። አባቷ ካሊክ አታ፣ አባባ እንደ ማለት ነው፣ ደግሞ ከተራራው ማዶ ካለው መንደራቸው ሆነው በየማለዳው እየደወሉ የአየሩን ጠባይ ለእሷው ይነግሯታል። በምን ዐውቀው? በጉልበታቸው ነዋ!

«አባቴ ጉልበቴ ነፋስ ይላል አለኝ። መሣሪያው ደግሞ ፀሐይ ነው ይላል። ብነግረው ‹መሣሪያሽን የሠራው ሰው ነው፣ ጉልበቴን የሠራው አላህ ነው› ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው» ብላ ትጽፋለች። እኛም ማታ ማታ ማን እንደረታ እንጠይቃለን። ጉድ የሚያሰኘው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚረቱት እሳቸው ናቸው።

በዚያ የጸደይ ማለዳ ገና ላሚቱን አልቤ ሳልጨርስ የዚይናት የወንድም ሚስት ኑርጃማል ደወለችልኝ። ሳትናገር ገባኝ። ካሊክ አታ ሌሊቱን በተኙበት አልነቁም።

«ቡሩልቻ ኤጄ» አለችኝ፣ «እዚያ ተራራ ላይ ብቻዋን ናት። ባልደረባዋ ጥርሱን ሊያስነቅል ወርዷል። ወንድሟ ቀብሩን እያሰናዳ ነው፣ ካንቺ የሚቀርባት ሰው የለም። እባክሽ በስልክ እንዳትሰማው። ሄደሽ አርጃትና አምጪልን፤ እሷ ሳትመጣ አፈር አናለብሳቸውም።»

ኤጄ ብላኛለች። ታላቅ እህት ከተባልኩ በኋላ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? ባትለኝም እሄድ ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ታላቅ ሰው ተይዞ፣ ደጃፍ ተቁሞ፣ ቃል ተመርጦ ነው ሰው የሚረዳው። እናቴ የሞተች ጊዜ አንድ ችኩል ዘመዴ ገበያ መሀል ሽንኩርት ስመርጥ ደውሎ ዱብ አደረገብኝ። እስከ ዛሬ ሽንኩርት የሚገዛልኝ ባሌ ነው። ስለዚህ ቁርጡን ለራሴ ነገርኩት፦ ዚይናት በስልክ አትሰማውም፣ ሞቼ እገኛለሁ!

ከዚይናት በቀር ሁሉንም ሰብስቤ ሌላ ግሩፕ ከፈትኩና ጻፍኩ፦ «ካሊክ አታ ዐርፈዋል። ዚይናት አልሰማችም። እኔና ታላቃችን ቶክቶሱን ልናረዳት እየሄድን ነው። እስክንደርስ ድረስ ፀሐይ መሞቂያ እንደ ወትሮው ይሙቅ። ዝም ካልን ትጠረጥራለች። ጻፉ! ያገኛችሁትን ቀባጥሩ! ትንፍሽ ያለ ግን ከእኔ ጋር ነው።»

ይህን ልኬ ቀና ከማለቴ፣ እዚያው ዋናው ግሩፕ ውስጥ ጃንቦሎት ብቅ አለ። ጃንቦሎት የዚይናት መንደር ልጅ ነው፤ ኢስታንቡል ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥባል። እናቱ ነግራው ኖሮ የእኔን መልእክት ሳያይ «ዚይናት እህቴ፣ አላህ ለአባትሽ ይዘንለት» ብሎ መጻፉ አይደለም! አጠፋሁትና ደወልኩለት።

«አንተ ጅል! ምን ልትሆን ነው የምትቅለበለበው?»

«ኤጄ፣ እኔ እኮ ቀድሜ ላጽናናት ብዬ ነው።»

«ገና ያላለቀሰች ሰው ትጽናናለች? ሳሙና ያጥበው አፍህን! አሁን ግባና እንደ ሰው አውራ።»

ስልኩን ዘግቼ ሳይ ዚይናት ጽፋለች። «ጃንቦሎት፣ ምን ጽፈህ ነው የተሰረዘብህ?»

«ሚስቴን እያማሁ ነበር። ሳላስበው ከኋላዬ መጣች» አለ ጃንቦሎት።

«ለጥቂት ነው የተረፍከው» አለች ዚይናት። ትንሽ ቆይታም ጨመረች። «ዛሬ አባቴ አልደወለም። ጉልበቱ አድማ መታ መሰለኝ።»

ወዮ! ከስንቱ አፈኛ አንድ እንኳ የሚመልስ ጠፋ። የኋላ ኋላ ያው የረገምኩት ጃንቦሎት ነው የደረሰልን። «የመንደራችንን የስልክ ማማ ነፋስ ጥሎታል ይባላል፤ እኔም እናቴን አጣኋት» ብሎ ጻፈ። እኔም ይቅር አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላየ ሰው ያስቃል፣ ያስለቅሳል። አንዷ ስለ ድመቷ ጻፈች። አንዱ የጫማ ማሰሪያ ከዱሮው አጥሯል ብሎ ክርክር ከፈተ። ዓመት ሙሉ ቃል ተንፍሰው የማያውቁ ሰዎች ወጥተው ድንች በስንት ውሃ እንደሚበስል ተወዛገቡ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ያን ያህል ጨዋ ሆነን አናውቅም።

ቶክቶሱን ጂፑን አስነስቶ ደጄ መጣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ተራራ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ግሩፑ ውስጥ ካለበት ጊዜ ጀምሮ አንዲት ቃል ጽፎ አያውቅም፤ ለሁሉም ነገር አውራ ጣት ብቻ ነው የሚልከው። በዕድሜ ታላቃችን ስለሆነ ግን መርዶውን የሚናገረው እሱ ነው። መሪውን ጨብጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቃሉን እያሰናዳ መሆኑ ገባኝ።

በመንገዳችን ላይ የዚይናትን ባልደረባ ኤሰንን ከጥርስ ሐኪሙ በር ወሰድነው። ጣቢያው ያለ ሰው አይተውማ፤ እሷ ስትወርድ የሚተካት እሱ ነው። ጉንጩ እንደ ቡሖ ተነፍቷል፣ ሲናገር ግማሹ ቃል አይወጣም።

መውጣት ስንጀምር የእኔም ድምፅ እንዳይጠፋ ብዬ ጻፍኩ። «እኔ ዛሬ ልብስ አጥቤ አስጥቻለሁ። ፀሐዩ እንዴት ደስ ይላል! እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።»

ዚይናት ወዲያው መለሰች። «ኤጄ፣ ብዙ አታቆዪው፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ለማጠፍ ያስቸግራል።»

ተመስገን ብዬ ለኤሰን አሳየሁት። ኤሰን አነበበ፣ ወደ ውጭ አየ፣ መልሶ እኔን አየ። የመኪናው መስታወት ላይ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ኮችኮርን ከማለዳ ጀምሮ ሲደበድባት ነው የዋለው።

«የኮችኮር ዝናብ እኮ እሷ ፊት ተጽፎ ይመጣል» አለኝ ባበጠ አፉ። «የየአገሩ ልኬት በየሰዓቱ ይደርሳታል።»

«ባታየውስ?»

«ማየት ነው ሥራዋ።»

ግንባሬን መታሁ። የአየር ሁኔታ ለምትለካ ሴት ስለ ፀሐይ የሚዋሽ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ቶክቶሱን ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። «ጀምረናል፤ እንጨርሳለን» አለ። እውነቱን ነው። ስለ ልብሱም ሁለተኛ ጻፍኩ፤ ሰበሰብኩት፣ አጣጠፍኩት አልኩ። እሷም «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፣ መንገዱ ነጣ፣ እኔ ግን ያላጠብኩትን ልብስ እያጠፍኩ ተራራውን ወጣሁ።

ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ ዚይናት ቆማ ነበር። የክት ሻርፗን አስራለች። ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። በተከፈተው በር በኩል ዳቦ ተቆርሶ፣ ሻይ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ይታየኛል፤ እንግዳ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ቤት ነው። እጄ የመኪናው በር ላይ ቀረ። ኤሰንም ከኋላ ወንበር አልተንቀሳቀሰም።

«ደህና መጣችሁ» አለች። «ቶክቶሱን ባይኬ፣ እንግዲህ እንደ ታላቅ ወንድም በወጉ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ምንም ሳያስቀሩ።»

ቶክቶሱን ባርኔጣውን አውልቆ በረዶው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ልጄ» አለ፣ «ንስር ምንም ከፍ ቢል መጨረሻው ዐለት ላይ ማረፍ ነው። ዛፍ ምንም ሥሩ ቢጠልቅ አንድ ቀን ይወድቃል። ከነቢይም ከንጉሥም ሞት የቀረለት የለም። አባትሽ ካሊክ ክፉ ስም ሳያወጣ፣ ሰው ሳያስቸግር፣ በገዛ አልጋው ላይ ወደ እውነተኛው ቤት ሄዷል። መንደሩ ሁሉ ቆሞ አንቺን እየጠበቀ ነው። አላህ ይዘንለት። አንቺን ጽናቱን ይስጥሽ።»

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። «አባቴ!» ስትል ተራራው መለሰላት። ደግፌ ያዝኳት፤ እኔም ለእናቴ በወጉ ያላለቀስኩትን እዚያው አለቀስኩት። ሰው ደጃፍ ቆሞ ሲነግርህ ቢያንስ የምትደገፍበት ትከሻ አለ።

ስትረጋጋ ለኤሰን ሁሉንም አስረከበችው። የመጨረሻውን ሰዓት ልኬት ሳይቀር በጊዜው አስተላልፋ ነበር። ከዚያ ማዶ ወደ መንደሯ ቁልቁል መውረድ ጀመርን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ጠዋት፣ ሳይደውል ሲቀር። አባቴ በሞት ካልሆነ በቀር እኔን ለመርታት አይሰንፍም።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ከዚያ ጃንቦሎት። ከዚያ ደግሞ ልብስሽ፣ ኤጄ። ኮችኮር ውስጥ ዛሬ የደረቀ ነገር ቢኖር ያንቺ ልብስ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ቀኑን ሙሉ እዚያ ብቻሽን!»

«ዐውቄያለሁ ብል በስልክ ልትነግሩኝ ነው። በስልክ ከአባቴ የምሰማው የአየሩን ጠባይ ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር እንድሰማበት አልፈለግሁም። ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ አልኩ፣ ጠበቅሁ። ብቻዬንም አልነበርኩ፤ ይኸው አየሽ?»

ስልኳን አሳየችኝ። አሁንም ቲው ቲው ይላል። ማንም በቃ ስላላላቸው የጫማ ማሰሪያው ክርክር እንደ ጋለ ነው። ላስቆማቸው ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ።

«ተያቸው፣ ኤጄ። ይጻፉ።»

ቀብረን፣ በወጉ ለቅሶ ተቀምጠን፣ አርባውን ቀን ከፈጸምን በኋላ ዚይናት ወደ ተራራዋ ተመለሰች። በመጀመሪያው ማለዳ፣ አባቷ ይደውሉላት በነበረው ሰዓት፣ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ምን እንበላት ብለን ጨነቀን። ድመትም ካልሲም ጠፋን። ያን ጊዜ ከተመዘገበ ጀምሮ ከአውራ ጣት በቀር ልኮ የማያውቀው ቶክቶሱን ጻፈ።

«ጉልበቴን ያመኛል። ዛሬ ዝናብ ነው።»

እኔ ባሌን ትቼ፣ ሻዬን ትቼ፣ ስልኩ ላይ አፈጠጥኩ። በመጨረሻ የዚይናት መልስ መጣ።

«ውሸትዎን ነው ባይኬ፣ ፀሐይ ነው። ማን እንደሚረታ ማታ እንተያያለን።»