የሺህ እጅ መቀነት

የሻረግ ከሐሙስ ጀምሮ መቀመጥ አልቻለችም። ወጥ ጥዳ ትረሳለች፣ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ እንስራውን ቤት ትታ ትሄዳለች። ልጇ ውባንተ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰኞ ጠዋት ቀበሌው ደጃፍ እንዲገኝ ተነግሮታል። የጎንደሩ ካሚዮን ምልምሎቹን የሚጭነው ከዚያ ነው።

መተማ ላይ የጨነቀው ሰው ወደ ወንዙ ያያል። በኅዳር ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ማዶው ጋላባት፣ ሱዳን ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ባይኖሩ ሕፃን ይሻገረዋል። ጥበቃዎቹ ግን አሉ። ከምልመላው ወዲህማ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ሁሉ «ወዴት ነው?» ማለት ጀምረዋል።

የሻረግ የቀሚስ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ሥራዋን ይዛ ወደ ሚዶሪ በረንዳ ሄደች። ሚዶሪ ጃፓናዊት ናት። ባሏ የሰሊጥ ማበጠሪያውን መኪና ሊተክል መጥቶ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠግነው ኖረ። ከተማው «ቻይናዋ» ይላታል፤ በስሟ የምትጠራት የሻረግ ብቻ ናት። አማርኛዋ ይሰናከላል፣ እጇ ግን አይሰናከልም፤ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ስፌት ስትደረድር ትውላለች።

ስትሰፋ ደግሞ ስለ አገሯ ታወራለች። እዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ የሰፈሯ ሴቶች ተሰብስበው እየሰፉ ሰው ያማሉ። ገበያ ስትወጣ በመቅደሱ ደጅ ቆም ብላ ሳንቲም ትጥላለች፣ ደወሉን ደውላ እጅ ትነሳለች። የተሰበረ መርፌ እንኳ እንዲሁ አይጣልም፤ በዓመት አንድ ቀን መቅደስ ተወስዶ፣ ከአኩሪ አተር በተሠራ ለስላሳ አይብ ላይ ይሰካል። ደክሟልና ይረፍ ተብሎ ነው። ይህን የሰማች ዕለት የሻረግ፣ «እኛ አገር ሰው አላረፈ፣ እናንተ መርፌ ታሳርፋላችሁ!» ብላ እስኪያስነባት ስቃባታለች።

ያን ዓርብ ግን ሳቅ አልነበረም። ሚዶሪ ጥልፉን ከእጇ ወሰደችባት።

«ጨርቁ ላይ ደም አለ። ምን ሆንሽ?»

ነገረቻት። ሚዶሪ ከሣጥኗ ረዥም ነጭ ጨርቅና ቀይ ክር አወጣች። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ዘምቶ ነበር። እናቷ መቅደሱ ደጅ ቆማ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሴት ሁሉ አንድ አንድ ቀይ ቋጠሮ አስቋጥራ፣ የሺህ ሴት እጅ ያረፈበት መቀነት አስታጠቀችው። ያን የታጠቀ ጥይት አያገኘውም ይባል ነበር።

«ተመለሰ?» አለች የሻረግ።

«አልተመለሰም።»

«ታዲያ ምን ፋይዳ አለው?»

«የእናቴ እጅ የሚሠራው ነገር አገኘ።»

የሻረግ በገነች። እጇ ሥራ ቢያገኝ ምን ያደርግላታል? የምትፈልገው ልጇን ነው! ሆኖም ጨርቁን አልመለሰችም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ መርፌና ጨርቅ የያዘች ሴት የማትገባበት ቤት የለም። የመጂዳም ቤት ቢሆን። መጂዳ ወንዙ ዳር የምትኖር፣ ከጋላባት በአህያ ስኳር የምታመላልስ ነጋዴ ናት። የጥበቃዎቹም ሻይ የሚጣፍጠው በእሷ ስኳር ነው።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። ጎረቤቷ አሰበች የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ቋጥራ፣ «ይህን ነገር ከየት አመጣሽው?» አለቻት።

«ከሩቅ ነው። በይ ለሌላዋ ልቀቂላት።»

ሴቶቹ ሲግተለተሉ ይርዳው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ በዚያ ሲያልፍ አያቸው። 

«ምንድን ነው ይህ ሰልፍ?»

«ለዘማች ልጄ መቀነት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ይርዳው ፊቱ በራ። «አያችሁ! የዘማች እናት ማለት ይች ናት!» ብሎ ንግግር አደረገ፤ ይርዳው ንግግር ይወዳል። ያልቋጠረች ሴት እንዳትኖር አዘዘ። ጥበቃዎቹንም ጠርቶ፣ «ጓዲት የሻረግ በፈለገችበት ትለፍ» አላቸው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው።

አመሻሹ ላይ መጂዳ ወንዙ ዳር ባለው ቤቷ ቋጠሮዋን እየቋጠረች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኸላስ፣ ያ ኡኽቲ፤ አለቀ፣ እህቴ። ነገ ማልዶ ልጅሽ አህዮቼን ወደ ጋላባት ይነዳልኛል። የወንድሜን ጀለቢያ አልብሼ፣ ጥምጥሙን አሳምሬ አወጣዋለሁ። ወላሂ፣ አንቺም አታውቂው።»

ሰኞ ጠዋት የሻረግ መቀነቱን ይዛ ቀበሌው ደጃፍ ቆመች፤ ብትቀር ይነቃባታል። ስም ተጠራ። «ውባንተ!» ተባለ።  ደግመው ጠሩት። ይርዳው ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ግን ምን ያድርግ? ትናንት በአደባባይ ያሞገሳት እሱ ራሱ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ልጁ እናቱን ከድቷል!» ብሎ ጮኸ። «እሷን ግን አልወቅስም።»

ኮታው ጎድሏል። ከመንገዱ ማዶ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ የቀን ሠራተኞች ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ይርዳው በጣቱ አንዱን ጠቆመ። ማጭድ የያዘ፣ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ልጅ ነው።

«ስምህ?»

«ማሩ። እኔ እኮ ለሥራ ነው የመጣሁ፣ ጌታዬ።»

ማጭዱን ተቀበሉት። «የሻረግ፣ በይ መቀነቱን ለዚህ አስታጥቂው» አለ ይርዳው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷ በደረቀ እጇ መቀነቱን በልጁ ወገብ ላይ ስትጠመጥም፣ ማሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እዚህ አገር ሰው የለኝም ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ መቀነቱን አየችው። የአሰበች ቋጠሮ አለ፣ የመጂዳ አለ፣ የሚዶሪ አለ። የእሷ ግን የለም። ጥበቃዎቹን ማለፊያ እንጂ መቀነት ነው ብላ አስባው አታውቅም ነበርና አንድም አልቋጠረችበትም።

«ቆይ!» አለች።

ከነጠላዋ ጠርዝ መርፌውን ነቅላ አቧራው ላይ ተንበረከከችና ሆዱ ላይ መስፋት ጀመረች። ካሚዮኑ ጥሩምባውን ነፋ። ቋጠሮው ሁለቴ አመለጣት።

«ወጋሁህ?»

«የለም፣ ይስፉ።»

በግድ አስነሷት። ማሩ ካሚዮኑ ላይ ከወጣ በኋላ በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ጠራት።

«እትዬ! እናቴ ማን ሰፋልህ ስትለኝ ማን ልበላት?»

«የሻረግ በላት!» አለች። ልጇን ከወለደች ጀምሮ ስሟን ስትናገር የምታስከትለው ቃልም አመለጣት፤ «የውባንተ እናት!»

«ውባንተ ማን ነው?»

ካሚዮኑ ተነሳ። የሻረግ መርፌውን እንደያዘች ከኋላው ተከተለች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ። ማሩ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ መልሷን ይጠብቅ ነበር።