የሳንቲሙ ጀርባ

ስታማቲስ የሐዘን ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲል ወሬው ቀጥ አለ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ «ለእናንተ ዕድሜ ይስጣችሁ» አለና ለሟቹ ልጅ ለሜልፖ እጁን ዘረጋ። ጨበጠችው፤ ዓይኑን ግን አላየችም። አክስቷ ፎቲኒ ስኳር የሌለው ቡናና አንድ መለኪያ ኮኛክ አቀረበችለት። ከዚያ ወደ ሜልፖ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እጁን ጠብቂ። የአባትሽ ሳንቲሞች እዚያ ክፍል ናቸው» አለቻት።

ተሰሎንቄ ውስጥ ይህን ሰው የማያማ ሳንቲም ሰብሳቢ የለም። ስሙን ያጠፋው ደግሞ ሟቹ አርጊሪስ ነው። የጥንት ከተሞች የሌላ አገር የብር ሳንቲም ገበያቸው ሲገባ ትንሽ ምልክት ይመቱበት ነበር፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የሚለየው አርጊሪስ ነበር። ምልክት የሳንቲሙን ዋጋ ስለሚጨምር ለማጭበርበር ትናንት የተመታም አይጠፋም። ስታማቲስ የኮርማ ምልክት የተመታበት የጥንቷን ከተማ የአስፔንዶስን ሳንቲም ያመጣለት ዕለት፣ አርጊሪስ በማጉያው አይቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ኮርማው ያበራል፤ አዲስ ነው። የመታኸው አንተ ነህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ከስታማቲስ የሚገዛ ጠፋ።

ታዲያ አሁን ምን እግር ጣለው? በየቀኑ ይመጣል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አንድ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ወይ ሊሰርቅ ነው ወይ በሐዘናችን ሊስቅ፣ ስትል ሜልፖ ጠረጠረች። በመጨረሻ ሰገነቱ ላይ ብቻውን አገኘችውና ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

ያንኑ ሳንቲም አወጣ። «ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ። «እሱ ያስተማረው አንቺን ነው። እይልኝ።»

አጭበርባሪነቱን ልታረጋግጥ በጉጉት ማጉያውን አመጣች። ኮርማው እውነትም ያበራል። እናቱ ለፋሲካ የቤቱን ብር ስትወለውል ይህንንም በሎሚና በሶዳ እንዳጠበችው ነገራት። አላመነችውም። ግን ልጅ ሳለች አባቷ ሳንቲም መዳፏ ላይ አኑሮ ያላት ትዝ አላት፦ «ፊቱን አትመኚ፣ ገልብጪው። ሲመቱት ጀርባው ይደፈጠጣል። ድፍጥጡ በብዙ እጅ ካለቀ፣ መቺው ከሞተ ቆይቷል።»

ገለበጠችው። ድፍጥጡ አልቆ ለስልሷል። በላዩ ያለፈ የቢላ ጭረት ውስጥ ደግሞ ሎሚው ያልደረሰበት የዘመናት ጥቁረት ተቀምጧል። ጭረቱ የጥንት ከሆነ ከሥሩ ያለው ምልክትም የጥንት ነው።

አባቷ ይህን እንዴት ሳተው? ያን ዓመት ቡና ከስኒው ውጭ ይቀዳ ነበር። ዓይንህን ተመርመር ስትለው ይቆጣት ነበር። ገልብጦት ነበር፤ አላየም፤ አላየሁም ለማለት ደግሞ አፈረ። ሜልፖ ተናደደችበት፣ ወዲያውም አዘነችለት።

እውነቱን በሰው ፊት ልትናገር ማሰቧን ስትነግራት ፎቲኒ ፊቷ ጠቆረ። «ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው? ያውም አባትሽን?»

«እሱ እኮ የቆመ ሰው ቀብሯል፣ አክስቴ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በኋላ ለሟቹ መታሰቢያ የተቀቀለው ስንዴ ታድሎ የአባቷ ወዳጆች ወደ ቤት መጡ። ሜልፖ የስታማቲስን ሳንቲም ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ከመካከላቸው ለአንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ሰጠች። «እውነተኛ ነው» አለች። «አባቴ ተሳስቷል።»

ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እየገለበጡ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዩታል። ስታማቲስ ጥጉን እንደያዘ ወለሉን ያያል። መጨረሻ ላይ የነበረው ሰው እንደ ልማዱ ሳንቲሙን ወደ አርጊሪስ ወንበር ዘረጋ፤ ፍርዱ ምንጊዜም የሚያበቃው እዚያ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሜልፖ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።