ጤነኞቹን ማን በላቸው?

በቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ እትዬ ቅባት ይላቸዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው፤ ሴል በሆዱ የሚያጠራቅማትን የስብ ጠብታ ሲያዩ ፀጉራቸው ሸብቷል። ጠብታዋ ቫይረስ ሲመጣ ሴሉን ታግዛለች ባይ ናቸው። ቀጭኔ የሚባለው ረጅም ባልደረባቸው ደግሞ «የቫይረሱ ስንቅ ናት እንጂ ምን ታግዛለች!» ይላል።

ሴል የሚያድግበት ማሞቂያ ሣጥን አንድ ብቻ ነው። አለቃው ጭቅጭቁ ሰለቻቸውና «ያሸነፈ ሣጥኑን ይውሰድ፤ የተሸነፈ ዕቃ ግምጃ ቤት ይውረድ» አሉ። እትዬ ቅባት ጡረታቸው ደርሷል። የመጨረሻ ወራታቸውን ጠርሙስ ሲደረድሩ ማሳለፍ ሞት መሰላቸው።

አንድ ጧት ቀጭኔ እየሮጠ ገባ።

«አለቃ፣ ይምጡና ይዩ! ቫይረስ የገባባቸው ሴሎች ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም። ጠራርጎ በልቷታል!»

እትዬ ቅባት ጎንበስ ብለው በማይክሮስኮፑ አዩ። እውነትም ባዶ። ስቡን የሚያቀላው ቀለም የሚያርፍበት አጥቷል።

«ግምጃ ቤቱ ነፋሻ ነው እትዬ፣ ይስማማዎታል» አለ ቀጭኔ።

«አፍህስ ይጣፍጣል። እስቲ ጤነኞቹን አምጣቸው።»

«ጤነኞቹ ምን ያደርጉልዎታል?»

«ላመሳክር ነዋ!»

ቫይረስ ያልነካቸውን ሴሎች አቀረበላቸው። አዩ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እህሳ፣ እነዚህንስ ማን በላቸው?»

ቀጭኔ ቢያይ እዚያም አንዲት ጠብታ የለችም። ላብ አጠመቀው።

«በምን አጠብካቸው?»

«በ... በአልኮል።»

«ስብ በአልኮል ይሟሟል እኮ! የቫይረሱን ስም በከንቱ አጠፋህ። የበላኸው አንተ ነህ!»

አለቃው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሥራው እንደገና ተሠራ፤ በጨው ውኃ ብቻ ታጠበ። አሁንም ቀድመው ያዩት እትዬ ቅባት ናቸው። ጠብታዎቹ እንደ ሮማን ፍሬ ቀልተው ሞልተዋል። በአንዳንዱ ሴል፣ በሌላ ቀለም የተለየው ቫይረስ ጠብታዎቹን ከቦ ተቀምጧል፤ ገበታ የቀረበለት እንግዳ ይመስላል። በሌላው ግን፣ ስቡ ሞልቶ ሳለ፣ ቫይረሱ ድርሽ አላለም። ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ አሉ።

«ና እይ» አሉት ቀጭኔን። «ግማሹ እውነት ያንተ ነው። ብቻ አትንጠራራ፣ የተፈጠርክበት ቁመት ይበቃሃል።»

አለቃው «ሣጥኑን ተካፈሉት» አሉ። እትዬ ቅባት ላይኛውን መደርደሪያ ለቀጭኔ ለቀቁ። የአልኮሉን ጠርሙስ ግን ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እትዬ፣ እጄን በምን ላጽዳ?»

«ዘርጋ፣ እኔ አፈስስልሃለሁ።»