ያልተነካካ ፎቶ

ጓደኞቿ «ዝርዝር» ይሏታል። ዝርዝር ሳትጽፍ ውኃ እንኳ አትጠጣም ብለው ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም ለምዳዋለች። የዚያን ሰኞ ዝርዝሯ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ የዘጠና ሴኮንድ ትሬለር፣ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት። ከሥሩ «ሐሙስ ሦስት ሰዓት» የሚለውን ሁለቴ አስምራበታለች።

«የሚያስፈራ ፊልም እንሠራለን ያላችሁ» ብላ ነበር መምህሯ፣ «መጀመሪያ ትሬለሩና ፖስተሩ እኔን ያስፈራኝ። ካላስፈራኝ የትምህርት ቤቱን ካሜራ አታገኙም።» ካሜራ ያላገኘ ፊልም አይሠራም፣ ፊልም ያልሠራ ይወድቃል። ዝርዝር ደግሞ አምና በዚሁ ትምህርት ወድቃለች፤ ሁለተኛ የወደቀ ይሰናበታል። ሌላው ስለ ጥበብ ሲከራከር እሷ ስለ ሐሙስ ብታስብ አይፈረድባትም።

ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፤ እሷና ዳይሬክተሩ። ዳይሬክተርነቱን ለራሱ የሾመው ራሱ ነው። በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣ ልጅ የሙት መንፈስ ታሪክ መጻፉ ቢያስቅም፣ ታሪኩ ክፉ አልነበረም። ፊልሙ «ሜትር» ይባላል። አንዲት የሞተች ልብስ ሰፊ ወደ ድሮ ቤቷ እየተመለሰች ተከራዮቹን በሜትር ትለካለች፤ የተለካ ሰው በማግስቱ የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለቱ የሚሰበሰቡት በዝርዝር አጎት ፎቶ ቤት ነበር፤ ለትሬለር የሚበቃ ካሜራም ኮምፒውተርም ማተሚያም እዚያ አለ። ዝርዝር ለትምህርት ከመጣች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጎቷና ከሚስቱ ጋር ነው የኖረችው፤ እሱን ጋሼ፣ እሷን እትዬ ትላለች። ከፊት ፎቶ ቤቱ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእትዬ ስፌት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ መኝታ ቤቶቹ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ሠላሳ ዓመት በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ ሲሠሩ፣ አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ሌላው «ይማርሽ»፣ «ይማርህ» ሲል ኖረዋል።

ጋሼ በሰፈሩ «አሳምሬ» ነው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የገባህ እንደሆነ ሙሽራ ሆነህ ትወጣለህ። ብጉር ያጠፋል፣ ከዓይን ሥር ጥቁረት ያነሳል፣ የወለቀ ጥርስ ይተካል። «ይሄ አንተ ነህ?» እየተባልኩ ተቸገርኩ ብሎ ለአቤቱታ የተመለሰ ደንበኛ እንኳ ነበረ። «ታዲያ ፊትህን እንደ ፎቶው አድርገው» ብሎ አሰናበተው አሉ።

ሥራው ሲጀመር የበራሪ ወረቀቱ ነገር ቶሎ ተቋጨ። ዝርዝር ወረቀቱ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር እንዲሆን አሰበች። ዳይሬክተሩ ከጀርባው የሚጻፍ ሁለት መስመር ተኩል የሆነ አስፈሪ ዓረፍተ ነገር አምጥቶ ነበር፤ እሷ ቆርጣ ቆርጣ «ተለክተሃል» የሚለውን ብቻ አስቀረችለት። ለግማሽ ሰዓት አኮረፋት።

ችግር የሆነው ሙቷን ማን ትሁን የሚለው ነው፤ ዝርዝር «ሙት» የሚል አራተኛ መስመር ጨመረች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዳይሬክተሩ እህቱን ጎትቶ አመጣና ፊቷ ላይ ዱቄት ነሰነሱባት። እትዬ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች።

«ይቺማ ወፍጮ ቤት የዋለች እንጂ መቃብር ያደረች አትመስልም።»

«እና ምን እናድርግ እትዬ?» አለች ዝርዝር።

«እኔ አለሁ አይደል? ልብስ ሰፊ ፈለጋችሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜትሩም ይኸው አንገቴ ላይ ነው።»

ተነስታ መብራቱ ሥር ቆመች። ጉንጯ ገባ ያለ፣ ዓይኗ ጎድጎድ ያለ፣ አንገቷ የቀጠነ። ዳይሬክተሩ ዞሮ ዞሮ አያትና ፊቱ በራ።

«ሜካፕ ምናምን አያስፈልግም! እንዲሁ እንዳሉ ያስፈራሉ!»

ማመስገኑ ነበር። እትዬ ሳቀች፤ ዝርዝርም ሳቀችና ከዝርዝሯ ላይ «ሙት» የሚለውን ሰረዘች። ጋሼ ግን አልሳቀም፤ የካሜራውን መስታወት ይወለውል ጀመር፣ ንጹሕ የነበረውን።

ከሰዓት በኋላ ትሬለሩን ቀረጹ። ዕቅዱ የዝርዝር ነው፤ አሥራ አንድ ሾት። መጀመሪያ ባዶ ኮሪደር፣ ቀጥሎ ወለል ላይ የሚንከባለል ክር፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ሜትር። ፊቷ እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ሴኮንዶች አይታይም። «ሰው የሚፈራው ያላየውን ነው» ስትል ዳይሬክተሩ ሐሳቡ የሱ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። አንደኛው ሾት ላይ ሙቷ ቀሚስ ገልብጣ ስፌቱን በምላጭ ትተረትራለች። እትዬ የዘወትር ሰማያዊ ቀሚሷን አምጥታ ገለበጠችና ምላጩን ሳታሳርፍ አስመሰለች። ማን ስፌት ያያል ብላ ይሆናል። በመጨረሻ ጋሼ ለፖስተሩ መብራቱን ከሥር አድርጎ አንድ ፎቶ አነሳት፤ አንድ ብቻ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሃያ ፖስተር አትሞ ጠበቃቸው። ዝርዝር የላይኛውን አንስታ አየች። ጥቁር መደብ፣ «ሜትር» የሚል ቀይ ጽሑፍ፣ መሐል ላይ እትዬ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከዓይኗ ሥር ጥላ የለም፣ ቆዳዋ ወዝ በወዝ ሆኗል።

«ይሄ የሙት ነው የሰርግ ጥሪ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጋሼ፣ እንዲያስፈራ እኮ ነው የፈለግነው» አለች ዝርዝር።

«መብራቱ ከሥር ነው። ያስፈራል።»

«የሚያስፈራው ፊቷ ነበር! ለምን ነካካኸው?»

«ከዚህ ቤት አስቀያሚ ሆኖ የወጣ ሰው የለም። ሚስቴ የመጀመሪያዋ አትሆንም።»

«እሺ ዋናውን ስጠኝ፣ እኔ አትመዋለሁ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ዋሽቷል። ጋሼ ፎቶ አያጠፋም፤ ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ጉርድ ፎቶ ሳይቀር በሣጥን አለው። ዝርዝር ተናደደች፤ በእውነት ተናደደች። አንድ ቀን ተኩል ነው የቀራት፣ ሽማግሌው ደግሞ በአመሉ ከትምህርት ቤት ሊያስባርራት ነው። ፖስተሩን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ትሬለሩን ስትቆራርጥ ቆየች። የቀሚሱ ሾት ላይ ስትደርስ ጥራቱን ለማየት ምስሉን አቁማ አጎላችው። በጎን ስፌቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። አንድ መስመር አልነበረም። ከዳር የመጀመሪያው፣ ከሱ ጣት ያህል ገባ ብሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አሁን የተሰፋበት አራተኛው።

ቀሚሱን ታውቀዋለች። እትዬ የሰፋችው ዝርዝር ትምህርት በጀመረችበት ሰሞን ነው፤ ከዚያው ጨርቅ ለሷም ጉርድ ቀሚስ ወጥቶላታል። ያኔ የእትዬ ልክ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠብቦ አሁንም ልኳ ነው። የሰው መክሳት የሚታወቀው ልብሱ ሲንዘላዘልበት ነው፤ የእትዬ ልብስ ደግሞ አንድም ቀን ተንዘላዝሎባት አያውቅም።

ዝርዝር ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አፈረች። ሁለት ዓመት አብራት ስትበላ አላየችም። ያየች ዕለት ደግሞ ያየችው ጥሩ ሙት ነበር።

ቀትር ላይ ቤት ስትደርስ ጋሼ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጉርድ ፎቶ ሊያነሳ ወጥቷል። እትዬ መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር።

«እትዬ፣ ሰማያዊው ቀሚስ ስንት ጊዜ ጠበበ?»

የእትዬ እጅ ቆመ። «ሦስቴ» አለች። «ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።»

«ሐኪም አይቶሻል?»

ከአዝራር ቆርቆሮዋ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሐኪም ቤት ቀጠሮ ነው፤ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፎበታል። የመጨረሻው ነገ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ይላል።

«ምርመራውን አድርገውልኛል። ውጤቱን ለመስማት ሰው ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሰው ማለት እሱ ነው። እሱን ይዤ ከሄድኩ ደግሞ ያውቃል።»

«ይወቃ!»

«አታውቂውም። በባዳ ፊት ላይ ብጉር ማየት የማይችል ሰው ይሄንን እንዴት ይችላል? ምንም አላየም። ደህና ናት ብሎ እንዳመነ ይቆይልኝ።»

ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ መደበቅን ቀድተዋል። ነገሩ ለዝርዝር የገባት ያኔ ነው። ትናንት የወረወረችውን ፖስተር አምጥታ ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋችው። እትዬ ገና አላየችውም ነበር።

«ውይ!» አለች። «አሳምሬ አሳመረኝ።»

«እትዬ፣ ካላየ ምኑን ሞላው?»

እትዬ ወደ ፖስተሩ ጎንበስ አለች። ጣቷን በወረቀቱ ጉንጭ ላይ አሳለፈች፣ ከዚያ በራሷ ጉንጭ ላይ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምን ያህል እንደተጨመረ በጣቷ ታውቃለች። «የጎደለውን ያህል ነው የመለሰው» አለች። እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም።

ጋሼ ሲመለስ እትዬ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ዋናው ፎቶ የታለ?»

«አጠፋሁት አልኩ እኮ።»

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። አንተ የጠፋ ፎቶ የለህም።»

ጋሼ ዝርዝርን አየ፣ ፖስተሩን አየ፣ በመጨረሻ ሚስቱን አየ። ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፎቶው ወጣ፤ ሦስቱም አዩት። ያስፈራ ነበር። ዝርዝር ሰኞ ስቃ ያጸደቀችውን ፊት አሁን ማየት አቃታት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች እትዬ።

«አምና መታወቂያሽን ስታሳድሺ። ጉንጭሽን መሙላት የጀመርኩት ያኔ ነው።» ቦርሳውን አሁን አወረደ። «አንቺ ካልነገርሽኝ እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?»

«እኔስ፣ አንተ ካልጠየቅከኝ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ሁለቱም ለጎረቤት ሲመክሩበት የኖሩ ናቸው። እትዬ የቀጠሮውን ወረቀት ፊቱ አስቀመጠችለት። አነበበው፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው።

«ነገ ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው» አለ።

«ይሁን። አሁን ግን ለልጅቷ ፖስተሯን አትምላት። ሳትነካካ።»

«በዚህ ፊት ግድግዳ ላይ ልትለጠፊ?»

«ፊቴ እኮ ነው! ሠላሳ ዓመት ስታነሳኝ አንድም ቀን እኔን አላነሳኸኝም። አንዴ እንኳ ልታይ።»

ዝርዝር ሌላ መላ እንፈልጋለን ልትል አፏን ከፈተች። እትዬ ቀደመቻት። «አንቺ ደግሞ ዝርዝርሽን ያዢ። እኔ ታምሜ አንቺ ልትወድቂ ነው?»

ጋሼ አተመ። እጁ በልማዱ ሁለት ጊዜ ወደ ማሳመሪያው ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የፊተኞቹን ሃያ ፖስተሮች እትዬ ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው፤ ጀርባቸው ንጹሕ ስለሆነ ለልብስ ንድፍ ይሆናሉ አለች።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት መምህሯ ትሬለሩን ሁለቴ አየች። ከዚያ ፖስተሩ ፊት ቆማ ክንዷን አሻሸች።

«ሜካፑን ማን ሠራው?»

ዳይሬክተሩ እንደ ልማዱ ሊቀድም ነበር፤ ዝርዝርን አይቶ ተወው።

«ሜካፕ የለውም» አለች ዝርዝር። «የአጎቴ ሚስት ናት። ታማለች። ፈቅዳልን ነው።»

መምህሯ ፖስተሩን ደግማ አየችና ቅጹ ላይ ፈረመች። «ካሜራውን ሰኞ ውሰዱ» አለች፤ ድምፏ ዝቅ ብሏል። ዝርዝር ለዳይሬክተሩ ዕቃውን ትታለት ሮጠች።

ሐኪም ቤቱ ስትደርስ ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ከኮሪደሩ መጨረሻ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። እትዬ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳለች። ጠዋት ተነስታ ስፌቱን ፈትታ በመጀመሪያው መስመር መልሳ ሰፍታዋለች፤ ግራና ቀኝ ተንዘላዝሎባታል፣ የሚያልፈውም ሰው እያየ ያልፋል።

«እህስ?» አለች።

«አለፍን።»

«በየትኛው ፎቶ?»

«በራስሽ።»

«እሰይ!»

ጋሼ በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው ከሚስቱ ጎን የተረፈውን ጨርቅ ጨብጦ ይዟል፣ እንዳያደናቅፋት። ነርሷ በሩን ከፍታ ወረቀቱን ተቀበለችና «ሰው ይዘው መጥተዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ይዤ መጥቻለሁ» አለች እትዬ። ጋሼም ጨርቁን ሳይለቅ አብሯት ተነሳ።