የሰመጠው ሙርዶ

በሉዊስ ደሴት፣ በእኛ መንደር፣ ዘሩ ከማን እንደሚመዘዝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ሳገላብጥ እውላለሁ። መጠየቅ ደስ ይለኛል። የሚያስገርም መልስ መስጠት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ኤፊ የምትባል ሴት ከካናዳ ጻፈችልኝ። አያቷ ሙርዶ ከእኛ መንደር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት የሄደ ነበር። «ልጄ ወንድ ልጅ ወልዷል። ሕፃኑ ሳይጠመቅ ስለ አያቴ እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ» አለች። መዝገቡን ገለጥኩ። የዚያ ቤት ልጅ ሙርዶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሰምጧል። የኤፊ አያት ወደ ካናዳ የተሳፈረው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ደስታዬን አልደብቅም። ቀጣዩን ገጽ እንኳ ሳልገልጥ፣ «አያትዎ የሟች ስም ይዞ የተሳፈረ ሌላ ሰው ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ እግዜር ይወቅ» ብዬ ጻፍኩላት። በታሪክ ማኅበራችን ስብሰባ ላይም አወራሁት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ መልስ አልጻፈችም።

ባለፈው ሰኔ በግ ስንሸልት ያንኑ ወሬ ለአንድ እንግዳ ጀመርኩለት። ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸው ጎረቤቴ ሞራግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

«የትኛው ሙርዶ ነው የሰመጠው?» አሉ።

«የዚያ ቤት ልጅ ነዋ፣ እትዬ ሞራግ።»

«ትልቁ ነው ትንሹ?»

«ምን ማለትዎ ነው?» አልኩ።

«ሁለት ነበሩ እኮ። እናቴ ሁለቱንም ታውቃቸው ነበር። የአባታቸውም አባት ሙርዶ፣ የእናታቸውም አባት ሙርዶ። ታዲያ ባንዱ አያት ሰይመው ሌላውን ያስቀይሙ? ትልቁ ሰመጠ፣ ትንሹ ካናዳ ሄደ። ያንተስ አክስቶች የሁለቱም ስም አናግ አይደል እንዴ? እንዲህ ሆነህ ነው ልጅ ስታስተምር የኖርከው?»

ሸላቾቹ ሳቁብኝ። ይገባኝ ነበር።

ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ። በቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ከዚያው አባትና ከዚያችው እናት፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ የተወለደ ሌላ ሙርዶ አለ። አፈርኩ። ብቻዬን በተቀመጥኩበት ክፍል ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ሁለት ቀን ስልኩን እያነሳሁ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ደወልኩ፤ ኤፊ ራሷ አነሳች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ያኔ የአያቴን ፎቶ ከሳሎን አውርጄዋለሁ። እሱን መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ግድ የለም።»

«ሕፃኑስ?» አልኳት። ባልጠይቃት ይሻለኝ ነበር።

«ሙርዶ ልንለው ነበር፤ የጥሪ ካርዱን ሁሉ አሳትመን። ደብዳቤዎ ሲደርስ ልጄ፣ ‹ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ስም ለልጄ አልሰጥም› አለ።»

ከኋላዋ ልጅ ሲሮጥ ይሰማኛል።

«ታይለር፣ ቀስ በል» አለችው።

«እሺ፣ አያቴ» አለ።