የመመለሻው ምልክት

ጋሽ ቢጫ የተባሉት እጃቸው ከቢጫ ቀለም ጸድቶ ስለማያውቅ ነው። ከሸለቆዋ መንደር ተነስተው ወደ ተራራው የሚወጡትን የሩጫ መንገዶች ሁሉ ምልክት ያደረጉባቸው እሳቸው ናቸው፤ በጥዱ ጫካ ውስጥ የሚያልፈውን፣ በወንዙ ዳር የሚሄደውን፣ በረዶ እስከማይቀልጥበት ሸንተረር የሚወጣውንም። ሯጭ አንገቱን ደፍቶ፣ እያለከለከ መጥቶ፣ ልቡ "ጠፋሁ እንዴ?" ሊል ሲል፣ ድንጋይ ላይ አንዲት ቢጫ መስመር ያገኛል። "ላም እንኳ ትንሽ ከቆመች ጋሽ ቢጫ ቀብተዋት ያልፋሉ" እያሉ የመንደሩ ሰዎች ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ልጃቸው በቤታቸው ምድር ቤት የሯጮችን ጫማ ትጠግናለች። ከእናቷ የወረሰችው ሥራ ነው፤ ወንበሩም፣ መዶሻውም፣ የማስቲሹ ሽታም የእናቷ ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሶል እየለጠፈች ሳለች የውድድሩ ኃላፊ ጫማ አንጠልጥሎ ገባ። ከአንገቱ ፊሽካ ስለማይለየው ስሙም ፊሽካ ሆኖ ቀርቷል።

"ይህ ጫማ ምንም አልሆነም እኮ" አለችው፣ አገላብጣ አይታ።

"አውቃለሁ። ሰበብ ነው።"

ተቀመጠ። ጣቱን ዘረጋላት። ጫፉ ቢጫ ነበር።

"ናዳ ከዘጋው ከአሮጌው መንገድ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ትናንት አንዲት ልጅ ምልክቱን ተከትላ ከላይ ወረደች። ናዳው የቆረጠው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቁጥቋጦ ይዛ ነው የተረፈችው። መዳፏ ተልጧል።"

መዶሻዋን አስቀመጠች። አሮጌውን መንገድ ማን ቀባው ብላ አልጠየቀችም። አባቷ ካለፈው ክረምት ወዲህ ምድጃ ላይ ድስት መርሳት፣ ጎረቤታቸውን በሟች ወንድማቸው ስም መጥራት ጀምረዋል። ብሩሹን ሲይዙ ግን እጃቸው አይስትም፤ እሷም በዚያ ትጽናና ነበር። እጅ ካልረሳ ሰው ሙሉ በሙሉ አልረሳም፣ ትል ነበር ለራሷ።

"እሁድ ውድድሩ ነው" አለ ፊሽካ። "ብሩሹን ተቀበያቸው። አለዚያ እኔ በሰው ፊት ልቀበላቸው ነው። እንዴት ብዬ? ይህን ተራራ እጄን ይዘው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።"

"የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አሉ።"

"ምሳር አይደለሁም፣ እህቴ። ሰው እንዳይሞት ነው።"

ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ጫማውን መለሰችለትና "እኔ እቀበላቸዋለሁ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ የተኙ መስሏት ድምፅ ሳታሰማ ግራጫ ቀለም በጣሳ በጠበጠች። የተሳሳተ ምልክት አይፋቅም፤ ከተፋቀ ድንጋዩ ላይ ነጭ ጠባሳ ይቀራል፣ ሯጭ ደግሞ ከሩቅ ምልክት ነው ብሎ ይከተለዋል። የድንጋዩን መልክ በመሰለ ቀለም ይሸፈናል እንጂ። ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ናዳው የወረደ ጊዜም የአሮጌውን መንገድ ምልክቶች አንድ በአንድ የሸፈኑት ራሳቸው ነበሩ። ያ ናዳ የወሰደው ቁልቁለቱን ብቻ አልነበረም። እናቷ ሱቁን ዘግታ፣ ፀጉሯን በጨርቅ አስራ፣ እንደ ልማዷ በዚያ መንገድ ሽቅብ ሮጣ ነበር። "ራት ሳይቀርብ መጣሁ" ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲህ አልተገኘችም።

ልጅቱ አሮጌውን መንገድ ይዛ ወጣች። ጥዱን አለፈች፣ የፈረሰውን የከብት በረት አለፈች፤ አንድም ምልክት አላየችም። ፊሽካ ተሳስቶ ይሆን ብላ በተስፋ መሃረቧን አውጥታ ፊቷን ጠረገች። ትንፋሿን ለመሰብሰብ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አልፋ ዞር ስትል አየችው። ቢጫው መስመር ከድንጋዩ ጀርባ፣ ወደ ተራራው በዞረው ጎን ላይ ነበር።

ወደ ኋላ ተመለሰች። ያለፈቻቸው ድንጋዮች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

"መንገድ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ የሚሄድና የሚመለስ" ይሉ ነበር አባቷ። የሚወጣ የሚያየውን የሚወርድ አያይም። ስለዚህ ምልክት በሁለቱም ጎን ይቀባል። አንዱን ጎን የዘነጋ ተለማማጅ ከእሳቸው ጋር ሁለተኛ አይወጣም ነበር። አሁን ግን የቀቡት አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ ለሚመለስ ሰው የሚታየውን።

ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጥቂት ቆየች። ከዚያ የታችኞቹን ምልክቶች ሸፍና፣ በአዲሱ መንገድ ዞራ፣ ናዳው ከቆረጠው ስፍራ በላይ ወጣች።

አባቷ እዚያ ነበሩ። ከገደሉ ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ ብለው፣ ጣሳቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ ተንበርክከው ይቀባሉ። የጫማቸው ግራና ቀኝ ተቀያይሯል።

"አባባ፣ ትንሽ ወደዚህ ይጠጉ።"

"ቀስ በይ፣ እንዳትነኪው። እርጥብ ነው።" ቀና አሉ። "ምን ይዘሽ ነው?"

"ግራጫ።"

ጣታቸውን ነክረው ድንጋይ ላይ አሹት። "ነጥቷል። ጥቁር ጨምሪበት። ድንጋይ ጤዛ ሲነካው ይጠቁራል፣ ስንቴ ልንገርሽ?"

"እሺ፣ እጨምራለሁ።" አጠገባቸው ተቀመጠች። "አባባ፣ የመውጫውን ጎን ለምን አልቀቡትም?"

የሞኝ ጥያቄ እንደሰማ ሰው አዩዋት። "የሄደችውማ ሄዳለች። መመለሻው ነው የጠፋባት።"

ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ልትል ትችል ነበር። እሳቸውን ወደ ቤት ወስዳ፣ ብሩሹን ደብቃ፣ "ጠፋ" ልትላቸው ትችል ነበር። የዚያች የማታውቃት ልጅ የተላጠ መዳፍ ግን ከፊቷ አልጠፋም።

"ከትናንት ወዲያ አንዲት ሴት ምልክቱን አይታ በዚህ ወርዳ ነበር።"

ፊታቸው በራ። "መጣች?"

"እናቴ አይደለችም። የሌላ ሰው ልጅ ናት። እዚያ ጋ መንገዱ አለቀባት። ልትወድቅ ነበር።"

አባቷ ወደ ጫፉ ተመለከቱ። ከታች አንድ ድንጋይ ሲንኮታኮት ተሰማ፤ ቆይቶ ጸጥ አለ።

"ማነው እዚህ የቀባው?" አሉ በቁጣ። "የትኛው ደንቆሮ ነው?"

ራሳቸው ወደ እጃቸው አዩ። መዳፋቸውን ገለበጡ፣ እንደገና ገለበጡ።

"አይ" አሉ ቀስ ብለው። "አይ፣ አይ።"

ብሩሹን በሣር እየጠረጉ ቢጫውን አስለቀቁ። ከዚያ የልጃቸውን ጣሳ ሳቡና፣ ጠርዙን እያሳሱ፣ መሃሉን እየደረቡ፣ ያን እርጥብ መስመር ራሳቸው ሸፈኑት። ከዚያ በላይ ያሉትንም። እሷ ጣሳውን ይዛ ከኋላቸው ትሄድ ነበር፤ በልጅነቷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። የመጨረሻውን እንደጨረሱ ብሩሹን አቀበሏት።

"አንቺ ያዢው። እኔ ነገ ልረሳው እችላለሁ።"

"እሺ፣ አባባ።"

"ብለምንሽም አትስጪኝ።"

"እሺ።"

ቅዳሜ ጠዋት ለመኗት። አልሰጠቻቸውም። ክፉ ልጅ አሏት፤ ምሳም አልበላ አሉ።

እሁድ ሯጮቹ በአዲሱ መንገድ ወረዱ። አባትና ልጅ ከጫማ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰው ያጨበጭባል፣ ልጆች ውሃ ያቀብላሉ፣ ፊሽካ ፊሽካውን ይነፋል። አባቷ ወንዶቹን አያዩም። ሴት ሯጭ ከጥዱ ሥር ብቅ ባለች ቁጥር ግን የአግዳሚውን ጠርዝ ይዘው ከወገባቸው ብድግ ይላሉ፤ ፊቷ ሲለይ መልሰው ይቀመጣሉ። አንዷ መዳፏን በፋሻ የጠቀለለች ነበረች። እሷንም አዩዋት፤ እሷም ሳታውቃቸው እጇን አውለበለበችላቸው።

ወደ ማታ ገደማ ሰው ተበተነ። ከሯጮች ሁሉ ኋላ የሚወርደው አስከታይ ባንዲራውን ተሸክሞ ደረሰ። ፊሽካ የመድረሻውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

"ቆይ" አሉት ጋሽ ቢጫ። "ገና ነው። አንድ ሰው አልመጣም።"

"ሁሉም ገብተዋል፣ ጋሼ። አስከታዩም መጥቷል፤ ከሱ ኋላ ሰው የለም።"

"አንድ ሰው አልመጣም እልሃለሁ!"

ፊሽካ ልጅቱን አያት። ልጅቱ ወደ ውስጥ ገብታ የአባቷን ካፖርት ይዛ ወጣች፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው፣ አጠገባቸውም ተቀመጠች።

"ገመዱን ተወው" አለችው። "እኔ እጠቀልለዋለሁ።"