የእንግዴ ልጁ ደም

፩

«ሊቀመጥ ይችላል። ለሌላ በሽተኛ ሊለገስ ይችላል። ሊጣልም ይችላል።»

ዶክተር ገዛኸኝ ይህን ያሉት ስለ እትብት ደም ነው፤ ልጅ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ ስለሚቀረው።

ነፍሰ ጡሯ ውብርስት ወደ ባሏ ወደ አስናቀ ዞረች። «ይቀመጥ» አለ። የሰባት ዓመት ልጃቸው የሶልያና መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል። ከሚወለደው ሕፃን እትብት የሚቀዳው ደም ሊያድናት እንደሚችል ተነግሯቸዋል።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ምርጫዎቹን ቁጠር። ሦስት ናቸው። በዚህ አገር አራተኛ አለ፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልጠራውም።

፫

ለአስናቀ እናት ለወይዘሮ እታፈራሁ ነገሩን አልነገሯትም። «ትደነግጣለች» ተባባሉ። ርኅራኄ ነው አሉት። ርኅራኄ የምንለው ብዙ ጊዜ ለማስረዳት መሰልቸት ነው።

፬

ምጥ።

ወንድ።

እንግዴ ልጁ ወጥቶ በሳህን ተቀመጠ። ሐኪሙ ደሙን ሊቀዱ ከረጢቱን ሲያነሡ ውብርስትን ደም ፈሰሳት። ሁሉም ወደ እርሷ ዞረ። አስናቀ ደም ሊሰጥላት ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ።

፭

ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ የተሰማ፦

ነርስ፦ የውብርስት ቤተሰብ?

እታፈራሁ፦ እኔ ነኝ፣ አማቷ። ተረፈችልኝ?

ነርስ፦ ደሙ ቆሟል፣ እናቴ። እንኳን ማርያም ማረቻት።

እታፈራሁ፦ ተመስገን። እንግዴ ልጁስ?

ነርስ፦ ሊቀብሩት ነው?

እታፈራሁ፦ ታዲያ ለድመት ልሰጠው ነው?

ነርስ፦ ፌስታል ይዘዋል?

እታፈራሁ፦ ሁለት።

፮

ነርሷ ተረኛነቷን የጀመረችው ገና ያን ጊዜ ነበር፤ ስለ ከረጢቱ የነገራት የለም። ለጠየቀ ቤተሰብ እንግዴ ልጅ መስጠት የዘወትር ሥራዋ ነው።

አጥፊውን ፈልግ። ለስሙ ቦታ ትቼልሃለሁ።

____________

፯

አስናቀ ሲመለስ ሳህኑ ታጥቧል።

«እናትህ ወስደውታል፤ ደውልላቸው» አሉት ሐኪሙ። «አፈር ካልነካው ምናልባት።»

ከሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ደወለ። ስልኩን ያነሣችው ሶልያና ናት።

«አያትሽን አቅርቢልኝ።»

«እጇን እየታጠበች ነው። አባዬ፣ ቀበርነው እኮ። ጓሮ። አፈሩን የመለስኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«አልደከመኝም። እህቱ ስለሆንሽ አንቺ መልሺበት አለችኝ።»

ሐኪሙ የአስናቀን ፊት አዩ፤ ባዶውን ከረጢት አጣጠፉት።

«አባዬ?»

«አቤት።»

«ወንድሜ ይዞልኝ ይመጣል ያልከኝ መድኃኒትስ? መጣ?»

፰

አስናቀ፦

____________